ጥፋቱ የአባቴ አልነበረም

ይድረስ፦ የክፍያ ገጾችን ለምትነድፉና ለምትሠሩ፣ የማረጋገጫ መልእክቶችን ቃል ለምትመርጡ፣ ገጹ ሥራ ላይ እንዲውል ለምትፈርሙ፣ እንዲሁም ደንበኛ ተበደልኩ ብሎ ሲመጣ «ኮዱን የሰጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት» የሚል ደብዳቤ ለምትጽፉ ሁሉ።

አባቴ አርፈዋል። የገደላቸው ሕመም ነው፤ በሞታቸው እናንተን አልከስም፣ ብከስ ሐሰት ይሆንብኛል። የምከሳችሁ ከመሞታቸው በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው። ደሴ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው የመጨረሻ ወራታቸውን «እኔ እኮ ደንቁሬ ነው» እያሉ ጨረሱ። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም። ቃሉን ያስያዛችኋቸው እናንተ ናችሁ። እሳቸው ከእንግዲህ ሊመልሱላችሁ አይችሉምና እኔ እመልሳለሁ።

የሆነውን ልንገራችሁ። እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ ሄደው ሊያዩአት አስበው ለጉዞው ከሚያስፈልጉት ሰነዶች የአንዱን ክፍያ በኢንተርኔት መፈጸም ነበረባቸው። ገጹ የየትኛው ተቋም፣ ሒሳቡም የየትኛው ባንክ እንደነበር አልጽፍም። ስም ብጠራ ሌሎቻችሁ «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ይመለከታችኋል፤ የብዙዎቻችሁን ገጽ ከፍቼ አይቻለሁ።

ከስማቸው፣ ከስልካቸውና ከአድራሻቸው ሌላ ገጹ አራት ነገር ጠየቃቸው። መጀመሪያ ከተጣመመ ሥዕል ላይ ፊደል አንብበው እንዲጽፉ፣ ቀጥሎ የማመልከቻቸውን ቁጥር፣ ከዚያ ባንኩ በስልክ የሚልከውን የአንድ ጊዜ ቁጥር፣ በመጨረሻም የራሳቸውን ፒን። በአራቱም ሳጥኖች አናት ላይ የተጻፈው ግን አንድ ዓይነት ነበር፦ «ኮድ ያስገቡ»። ስልካቸው ላይ ደግሞ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ፤ አንዱ ከተቋሙ፣ አንዱ ከባንኩ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ሁለቱም ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይዘዋል፣ የላኪው ስም መሆን በሚገባው ቦታም አጭር ቁጥር ብቻ አለ። የትኛው ቁጥር የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ የሚናገር አንድ ቃል የለም፤ በመልእክቶቹም በገጹም የለም።

አባቴ የቤቱን ሒሳብ በደብተር የሚይዙ ሰው ነበሩ። የመብራቱ፣ የውኃው፣ የዕድሩ፣ የጤፉ፣ ለለማኝ የተሰጠው ሳይቀር እየተጻፈ ያድራል። ከቀብራቸው በኋላ ደብተሩን ገለጥኩት። የዚያን ቀን ገጽ ላይ ኮዶቹ በሙሉ ተጽፈዋል። በአንድ በኩል መልእክቱ የደረሰበት ሰዓት፣ በሌላው ቁጥሩን ያስገቡበት ሰዓት፣ ከሥሩ የገጹ መልስ፦ «ስሕተት»፣ «ስሕተት»፣ «ጊዜው አልፏል»፣ «ስሕተት»፣ «ሒሳብዎ ለጊዜው ታግዷል»። የተማሪን ደብተር እንደሚያርሙት ሁሉ የራሳቸውን ስሕተት መስመር በመስመር ይፈልጉ ነበር። አላገኙትም። እኔ ደብተሩን ይዤ በእናንተ ሙያ ያሉ ወዳጆቼ ዘንድ ሄድኩ፤ እነሱ አገኙት።

እንዲህ ነው። «እንደገና ላክ» የሚለውን ስትጫኑ ሥርዓቱ አዲስ ቁጥር ያወጣና የፊተኛውን ይሽራል። ይህን ሠሪው ያውቃል፤ ለከፋዩ ግን የሚነግረው የለም። የስልክ አጭር መልእክት ደግሞ ከላኪው ወደ ተቀባዩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር አይደለም። መልእክት ማዕከል ውስጥ ያርፋል፣ መስመር ሲገኝ ይወጣል፣ ስልኩ ካልተገኘ ይቆይና እንደገና ይሞከራል። በደቂቃው ውስጥ እንደሚደርስ የሚያረጋግጥ ነገር የለም፤ አስቀድሞ የተላከው አስቀድሞ እንደሚደርስም እንዲሁ። ኔትወርክ በተጨናነቀበት ሰዓት ሁለተኛው ቁጥር ቀድሞ፣ የተሻረው የመጀመሪያው ዘግይቶ ሊገባ ይችላል። አባቴ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በተራ ቁጥር የሚያምኑ ሰው ናቸውና መጨረሻ ላይ የደረሰውን ቁጥር አስገቡ። ገጹ «ስሕተት» አላቸው። ቁጥሩ ግን ባንኩ የላከው፣ በእጃቸው ያለው፣ አንድም አሃዝ ያልተዛነፈ ቁጥር ነበር። የተሻረ ነው ብሎ መናገርና ስሕተት ነው ብሎ መናገር ለሰሚው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሌላ መልእክት እንዲጠብቁ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ዓይናቸውን እንዲጠራጠሩ።

ሌላም አለ። ከመልእክቶቹ አንዱ ቁጥሩ እስከ «14:35» ብቻ እንደሚያገለግል ይናገራል። የአባቴ የእጅ ሰዓት ከ8 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ሰዓቱን መለወጥ ይችሉ ነበር፣ ለልጆች ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር ነው፤ ነገር ግን ሰከንድ እየቆጠረ በሚጠፋ ገጽ ፊት ለተቀመጠ ሰው ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው። በአገሩ ሰዓት የሚኖር ሕዝብ እንዳለ እያወቃችሁ ይህን መስመር ለምን እንዳለ ተዋችሁት? ደግሞም ስልካቸው አቅም የሌለው ርካሽ ስልክ ነው። መልእክቱን ለማንበብ ከገጹ ሲወጡና ሲመለሱ ገጹ ከመጀመሪያው ይከፈታል፣ የሞሉት ሁሉ ይጠፋል፣ የተጣመመው ሥዕልም ተለውጦ ይጠብቃቸዋል። ቁጥሩን ገልብጦ መለጠፍም ተከልክሏል። እንግዲህ ስድስት አሃዝ በቃል ይዘው፣ ስሙ፣ ስልኩና አድራሻው እንደገና ተሞልቶ እስኪያልቅ ሳይረሱ ይቆዩ ማለት ነው። የ70 ዓመት ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ማንም የሚያደርገውን አደረጉ። ሒሳቡ ሲከፈትላቸው መንገድ ዳር ፎርም የሚሞሉ ልጆች ወዳሉበት ቤት ሄዱ። ልጁ «ጋሼ፣ ስልክዎን እዚህ ያስቀምጡ፤ አሁን ኮድ ይመጣል፣ ሲመጣ ያንብቡልኝ» አላቸው። አነበቡለት። ክፍያው አለቀ። ልጁ ጨዋ ነው፤ የአገልግሎቱን ዋጋ ብቻ ተቀበለ፣ «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» ብሎ ሸኛቸው። በእሱ ላይ አንዲት ቅሬታ የለኝም። እንዲህ ያለ ቤት ያልበቀለበት ከተማ ካለ ንገሩኝ። እነዚህ ቤቶች የቆሙት እናንተ በተዋችሁት ክፍተት ላይ ነው፤ ሕዝቡም የሚያስፈልገውን አገልግሎት እየሰጡት ነው። ግን ያ ከሰዓት አባቴን ምን እንዳስተማራቸው አስቡት። ብቻቸውን ሲሞክሩ ኮዱን ለማንም ሳያሳዩ አምስት ጊዜ ተመለሱ። ለሌላ ሰው ጮክ ብለው ሲያነቡት ሁሉም ነገር ተቃና።

ሳምንታት ቆይቶ ስልክ ተደወለ። «አባት፣ ከባንክ ነው። ታግዶ የነበረው ሒሳብዎ ሙሉ በሙሉ እንዲስተካከል ኮድ እንልክልዎታለን፣ ያንብቡልን።» ድምፁ ትሑት ነበር ይላሉ እናቴ፤ አጠገባቸው ነበሩ። መልእክቱ ወዲያው ገባ፤ የመጣውም ከዚያው ከባንኩ አጭር ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም ሌባው በሌላ ስልክ የጀመረውን ዝውውር እንዲያጸድቁ የጠየቃቸው ትክክለኛው የባንኩ ሥርዓት ነበር። ቁጥሩን አነበቡ። ለጉዞ ያጠራቀሙት ገንዘብ ሄደ።

ባንኩ የላከላቸውን መልስ አቃፊያቸው ውስጥ አግኝቻለሁ። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የሚስጥር ኮዳቸውን ለሦስተኛ ወገን አሳልፈው ስለሰጡ ባንኩ ኃላፊነት እንደማይወስድ ይናገራል፣ ወደፊት እንዲጠነቀቁ ይመክራል፣ ያበቃል። አባቴ ይህን ደብዳቤ ከደብተሩ ጋር አጥፈው አስቀምጠውታል። እህቴ ገንዘቡን እልካለሁ ስትል እንቢ አሏት። ጉዞውን ራሱ ተዉት።

አሁን የዚያን ቀን መልእክት እናንብበው። ስልካቸው ላይ እስከ ዛሬ አለ። በእንግሊዝኛ የማረጋገጫ ኮድ መሆኑን ይናገራል፣ ስድስት አሃዝ ይጽፋል፣ ለማንም አይስጡ ይላል። በቃ። ምን ያህል ብር እንደሚወጣ አይናገርም። ወደ ማን ሒሳብ እንደሚሄድ አይናገርም። ገንዘብ የሚወጣ መሆኑን እንኳ አይናገርም! ቀደም ሲል ልጁ ጋ ያነበቡት መልእክትና ይህኛው ከቁጥሩ በቀር ፊደል በፊደል አንድ ናቸው፤ ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ። በአንዱ ሰነድ ተከፈለ፣ በሌላው ቁጠባ ተዘረፈ። ልዩነቱን የሚያውቀው የእናንተ ማሽን ብቻ ነበር፣ እሱም ዝም አለ። «ከሒሳብዎ ይህን ያህል ብር ለእገሌ ሊተላለፍ ነው፤ ካላዘዙ ቁጥሩን ለማንም አያንብቡ» የሚል የአማርኛ መስመር ቢኖር አባቴ ስልኩን ይዘጉ ነበር። ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው የብሩን መጠን ማሳየት ይበቃል።

ይህ አዲስ አሳብ አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 14 ቀን 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የክፍያ ደንብ በርቀት የሚፈጸም ክፍያ ማረጋገጫ ከብሩ መጠንና ከተቀባዩ ጋር የተቆራኘ እንዲሆን ያዛል። ከፋዩ መጠኑንና ተቀባዩን እንዲያውቅ መደረግ አለበት፤ ከሁለቱ አንዱ ከተለወጠ ኮዱ አይሠራም። ይህን ለመፈጸም የሚያስፈልገው መረጃ ዝውውሩ ሲጀመር ባንኩ እጅ ውስጥ ያለ ነው፣ ያለዚያ ዝውውሩ ራሱ አይጀመርም። አሜሪካ ውስጥም የብሔራዊ ደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ በስልክ መልእክት የሚላክ ኮድን ገደብ የሚያሻው መንገድ አድርጎ መድቦታል። መንገዱ ድክመት እንዳለው ካወቃችሁ ድክመቱን ብቻውን እንዲሸከም የተተወው ሰው ለምን አባቴ ሆኑ?

ለአባቴ እንደተላከው ያለ ደብዳቤ በመጻፍ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። እንግሊዝ ውስጥ ጆን መንደን የሚባል ፖሊስ ነበር። ከእረፍት ሲመለስ ከሒሳቡ በገንዘብ ማሽን የወጣ 460 ፓውንድ ጎድሎ አገኘና አቤት አለ። ገንዘቡን ያስቀመጠበት ድርጅት ሥርዓታችን አይሳሳትም አለ። ስለዚህ የሚዋሸው ሰውየው ነው ተባለ፤ መንደን እ.ኤ.አ. በ1994 በማጭበርበር ሙከራ ተፈረደበት። ይግባኝ ሲል የካምብሪጁ የደኅንነት ምሁር ሮስ አንደርሰን በባለሙያነት ቀረቡለት። ተከላካዮቹ ሥርዓቱን እንመርምር ሲሉ ድርጅቱ አላስመረምርም አለ፤ በ1996 መንደን ነፃ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት ነፍሱ ምን ያህል እንደተሰቃየች መገመት አያቅተኝም። አንድ ንጹሕ ሰው «ማሽኑ አንተ ነህ ብሏል» ሲባል እንዴት ፊቱ እንደሚለወጥ በቤቴ አይቻለሁ።

ሌላ መንገድም ነበረ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ጀድ የተባለች ሴት ባንኳን ከሰሰች፤ ገንዘቡ በማሽን በወጣበት ሰዓት ሥራ ቦታዋ እንደነበረች ተናገረች። ባንኩ የማሽኑን መዝገብ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ ታማኝ ምስክር በማሽን መዝገብ ብቻ ሊረታ አይገባውም ብሎ ለእሷ ፈረደ። በብሪታንያም ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 7 ቀን 2024 ጀምሮ በማታለል ገንዘቡን በራሱ እጅ ያስተላለፈ ደንበኛ እንኳ እስከ 85,000 ፓውንድ ድረስ እንዲመለስለት ታዟል፤ ወጪውን የላከውና የተቀበለው ድርጅት እኩል ይካፈሉታል። ከባድ ቸልተኝነት ካልታየበት በቀር «ራስህ ነህ ያስተላለፍከው» ተብሎ አይሸኝም። ያ ሕግ ገንዘብ ማስመለሱ ብቻ አይደለም የሚያስቀናኝ። ባንኩ በራሱ ኪስ ሲከፍል የራሱን ገጽ እንደገና ያያል። ኪሳራው የአባቴ ብቻ ሆኖ ሲቀር ግን ገጹን የሚያርም ምክንያት ያለው ሰው አይኖርም።

አንደርሰን ከስቲቨን መርዶክ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ባንኮች በካርድ ክፍያ መካከል ብቅ የሚያደርጉትን የማረጋገጫ መስኮት መርምረው ነበር። መስኮቱ በሻጩ ገጽ ውስጥ ተሰክቶ ስለሚመጣ ከፋዩ የባንኩ መሆኑን የሚያጣራበት አድራሻ አይታየውም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሰዉን ማንነቱ በማይታወቅ ሳጥን ውስጥ ሚስጥሩን መጻፍ ያለማምደዋል አሉ። አባቴ የሠለጠኑት በዚህ ትምህርት ቤት ነው። አሠልጣኞቹ እናንተ ሆናችሁ ሳለ ፈተናው ላይ ወደቁ ብላችሁ የፈረማችሁትም እናንተው ናችሁ።

የምትሉኝን አውቃለሁ። ኮዱ የተፈጠረው ደንበኛውን ለመጠበቅ ነው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ይህን አልክድም። በካርድ ጀርባ ያለው ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር የመጣው የካርዱን ዋና ቁጥር የሰረቀ ሁሉ ካርዱ በእጁ ያለ እንዳይመስል ነው። ነጋዴው ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ያንን ቁጥር እንዳያስቀምጥ የካርድ ኢንዱስትሪው ደንብ የሚከለክለውም ለዚሁ ነው። መልካም አሳብ ነው። ግን ያንን ቁጥር አንዱ ገጽ ሲቪቪ፣ ሌላው ሲቪሲ፣ ሌላው «የደኅንነት ኮድ» ይለዋል። ቪዛና ማስተርካርድ ላይ ከጀርባ ሦስት አሃዝ ነው፤ አሜሪካን ኤክስፕረስ ላይ ከፊት ለፊት አራት አሃዝ። ገጹ የካርዱን የመጀመሪያ አሃዞች እንዳየ የትኛው ካርድ እንደሆነ ያውቃል፤ «ከካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት አሃዞች ያስገቡ» ብሎ ሊናገር ይችላል። ጥበቃ ለሚያውቀው ብቻ ከሆነ የማያውቀው ሰው ከበሩ ውጭ ከሌባው ጋር ብቻውን ይቀራል።

ባሕር ማዶ የምትኖረው እህቴም ተመሳሳዩን ታያለች። ለበዓል አገር ቤት ስትመጣ የአሜሪካ ባንኳ ኮዱን የሚልከው እዚያ ወዳለው ስልኳ ነው፤ ሮሚንግ ካልሠራ እናቷ ቤት ተቀምጣ መድኃኒት መግዣ መክፈል አትችልም። በተቃራኒው ደግሞ እዚህ በተሰጠ ካርድ ውጭ አገር ገጽ ላይ ሊከፍል የሞከረ ሰው የፖስታ ኮድ ይጠየቃል። የአሜሪካ ገጾች የቤት ቁጥሩንና የፖስታ ኮዱን ባንኩ ጋ ካለው ጋር ያስተያዩታል። የእኛ ሰው ግን ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ነው፤ ቤቱ ድረስ የሚመጣ ፖስተኛ አያውቅም። 1000 ብሎ ይሞክራል፣ 0000 ብሎ ይሞክራል፣ ካርዱ ውድቅ ይሆናል፣ ለምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። በ07 የሚጀምር የስልክ ቁጥር ልክ አይደለም ብሎ የመለሰ የራሳችንን ገጽም አይቻለሁ።

ስለ ተጣመመው ሥዕል ዝም ብዬ አላልፍም። ካፕቻ የሚባለውን ይህን ፈተና ሉዊስ ፎን አንና ባልደረቦቹ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሲያበጁት ሰው ሊያነበው የሚችል፣ ማሽን የማይችለው ነገር ለማግኘት ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 በጣም የተጣመመውን ጽሑፍ የእሱ ሥርዓት በ99.8 በመቶ ትክክለኛነት እንደሚያነበው አስታውቋል። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጥምረት ደግሞ ካፕቻ ዓይነ ስውራንን እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጽፏል። ማሽኑ የሚያልፈውን በር ዓይነ ስውሩ የሕግ ባለሙያ፣ የዓይን ሞራ ያለባቸው እናት፣ ከላቲን ፊደል ጋር በእርጅና የተዋወቁ ገበሬ አያልፉም። ዜሮውንና «ኦ»ን፣ አንዱንና «ኤል»ን መለየት አባቴን በመነጽርም አቅቷቸው ነበር። ያው ጥምረት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ባወጣው ደረጃ ሰውን ማንነቱን ሲያረጋግጥ ቁጥር በቃሉ እንዲይዝ ወይም አይቶ እንዲገለብጥ ብቻ አታስገድዱት ይላል፤ መለጠፍ ይፈቀድለት፣ ስልኩ ራሱ ይሙላለት ነው የሚለው። እናንተ ለደኅንነት ብላችሁ የከለከላችሁት መለጠፍ ደረጃው የሚጠይቀው ነገር ነው።

«የማይችል ወደ ባንክ መስኮት ይምጣ» የሚባልበት ዘመንም እየጠፋ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ በዚያው በ2015 የነዳጅ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ መሆኑ እንዲቀር ተወሰነ። አባቴ ይህን ለውጥ አልጠሉትም። የመብራት ክፍያ በስልክ መክፈል ተምረው ለጎረቤት ያስተምሩ ነበር፤ ሰልፍ ቀረልን ይሉ ነበር። ስለዚህ «ሽማግሌ ስለሆኑ ነው» አትበሉ። ያስተማሯቸው ተማሪዎች ዛሬ ከእናንተ መካከል አሉ ብዬ አምናለሁ፤ ሒሳብ ሲያስረዱ ልጁ ካልገባው ሌላ መንገድ ይፈልጉ ነበር እንጂ ልጁን ደደብ ብለው አያውቁም።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ የምትፈልጉትን ቁጥር በስሙ ጥሩት፤ ከየት እንደመጣ፣ ስንት አሃዝ እንደሆነ፣ ወደ የትኛው ስልክ እንደተላከ ተናገሩ። መልእክቱን ደንበኛው በመረጠው ቋንቋ ላኩ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፤ ሰዓቱንም «ለአምስት ደቂቃ ያገለግላል» ብላችሁ ጻፉት። የብሩ መጠንና የተቀባዩ ስም ከኮዱ ይቅደሙ። አዲስ ኮድ ስትልኩ አሮጌው መሻሩን ንገሩ፤ የተሻረ ቁጥር ሲገባ «ይህ የቀድሞው ነው፤ አዲሱን ይጠብቁ» በሉ እንጂ ስሕተት አትበሉ፣ ከሙከራውም አትቁጠሩት። የሞላነውን አታጥፉብን። ገጹን ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ርካሽ ስልክ ይዛችሁ ደሴ፣ ጎንደር፣ ሐረር፣ ጅማ ሂዱ፤ ጡረታ የወጣ ሰው አጠገብ ተቀመጡና ሳትነግሩት ሲሞላ ተመልከቱ።

ተቆጣጣሪዎች ደግሞ «ኮዱን ሰጥተዋል» የሚለውን መልስ እንደ መጨረሻ ማስረጃ አትቀበሉ። ባንኩ የላከው መልእክት ቃል በቃል ይቅረብ፤ ገንዘብ እንደሚወጣ ተናግሯል? መጠኑን ተናግሯል? ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ ነበር? ካልነበረ ደንበኛው የፈቀደው ነገር ምን እንደሆነ ባንኩ ሊያስረዳ አይችልም።

ባንኮች ሆይ፣ በመዝገብ ቤቶቻችሁም «ኮዱን ሰጥተዋል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የተዘጉ ፋይሎች አሉ። ብዙዎቹ ባለቤቶች እንደ አባቴ አፍረው ዝም ብለዋል፤ ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩ አሉ። ፋይሎቹን ክፈቱ፣ የተላኩትን መልእክቶች አውጥታችሁ አንብቧቸው። ከዚያ ለአባቴ የጻፋችሁትን ደብዳቤ የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። ገንዘቡን መመለስ ወይም አለመመለስ ሕግ የሚነግራችሁ ነገር ነው፤ እኔ የምጠይቀው ደብዳቤው ነው። በአማርኛ ይሁን። መልእክታችሁ የብሩን መጠንና ተቀባዩን እንዳልተናገረ፣ ገጻችሁ የተሻረን ቁጥር ስሕተት እንዳለ፣ ጥፋተኛ ናቸው ያላችሁትም ይህን ሳትመረምሩ እንደነበር ይጻፍበት። ለእናቴ ላኩላቸው፤ ከሥሩም የአንድ ኃላፊ ስም፣ የሥራ ድርሻና ፊርማ ይኑርበት።